ከል የለበሰችው ጀልባ

ባል ሲሞት ሚስት ከል ትለብሳለች፤ ይህ የትም ያለ ነው። ከል የለበሰች ጀልባ ያየ ግን ከቡሬ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ዳር የሚኖረው የዶቅማ መልካ ሰው ብቻ ነው። አይቶም ዝም አላለም፤ አመነ፣ አከበረ፣ ዓመት ሙሉ እንደ ሐዘንተኛ ባልቴት እጅ እየነሳ አለፋት። ማመኑስ ባልከፋ ነበር። የከፋው ማክበሩ ነው።

ጀልባዋን ያመጣት ላቀው ነው። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት፣ ሰው እንደ ልቡ ወጥቶ መነገድ ሲጀምር፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ የወጣች አሮጌ የብረት ጀልባ አገኘና ገዛት። እስከ ቡሬ በጭነት መኪና መጣች፤ ከቡሬ በታች መንገዱ ሲያልቅ በበሬ ተጎተተች። ሁለት የናፍጣ ሞተር አላት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የየሞተሩ የጭስ ቱቦ በኋላዋ በኩል ይወጣል። ከእሷ በፊት የመልካው ሰው በተነፋ ስልቻ ነበር የሚሻገረው፤ አዞ ያልወሰደው ደርሶ በርበሬውን ይሸጣል፣ የወሰደው ይቀራል። ጀልባዋ ከመጣች ወዲያ ግን የወለጋና የጎጃም ሰው በአንድ ቀን ገበያ ውሎ መግባት ጀመረ። ላቀውን የማይመርቅ አልነበረም።

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። በመስከረም ሙላት፣ ጀልባዋ ወንዙ መሃል ሳለች፣ ያን ግንዱን ይዞ መጣና ኋላዋን በግራ በኩል መታት። ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ቆሞ ነበር። መሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሙ ይርሳው ዞር ሲል ግንዱም የለ፣ ላቀውም የለ። ሚስቱ ሀብትነሽ ከዳር ሆና ታይ ነበር። ጩኸት እንኳ አልሰማሁም ትላለች፤ አሁን ቆሞ የነበረ ሰው አሁን አልነበረም።

ውሃ የወሰደው ሰው የሚፈለገው ወደ ታች ነው። ወንዶቹ ከገደል ገደል እየተንጠላጠሉ ወረዱ፤ ቆላው ሁሉ ተላከበት፤ ጥንብ አንሳ የዞረበት ቦታ ሁሉ ታየ። አልተገኘም። የጊዮርጊሱ ቄስ ክንፈሚካኤል ፍትሐቱን አደረሱ፣ ሰዉም እንደ ወጉ በልብሱ ላይ አለቀሰ። ሱሪው፣ እጀ ጠባቡና ኮቱ አልጋ ላይ ተዘረጋ። ጋቢው ብቻ ጎደለ፤ ጋቢውን ይዞት ሄዷል።

ጭሱ የጀመረው በዚያው ዕለት ነው። ይርሳው እያለቀሰ ጀልባዋን ወደ ዳር ሲመልሳት የግራው ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፤ የቀኙ ንጹሕ ነው። በማግሥቱም እንዲያው፣ በሳምንቱም እንዲያው። ጭሱ ደግሞ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። ከቱቦው ወርዶ ውሃው ላይ ይተኛና እንደ ቀሚስ ጫፍ እየተጎተተ ከኋላዋ ይከተላል፤ ነፋስ እንኳ ቶሎ አይበትነው። አልቃሿ ንግሥቴ በአርባው ዕለት ከዳገቱ ላይ ይህን አየችና እንዲህ አለች፦

ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር ሐዘን የሚገባው፣
ብረትም ከል ለበሰ ጌታውን ቢያጣው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀ። አልቃሽ ያለችውን ማን ይመልሳል? ጀልባዋ ሐዘንተኛ ሆነች። የሚሳፈር ሁሉ መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ ጎንበስ ይላል፤ ከተሳፈረም ወዲያ አይሳቅም፣ አይዘፈንም። ሙሽራ የያዙ ሚዜዎች በሐዘንተኛ ጀርባ ጭፈራ ነውር ነው ብለው በሩቁ ድልድይ ዞረው ሄዱ። ጥቀርሻው በነጠላው ላይ የወረደበት ሰውም አላጉረመረመም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ አመድ የነካው ያህል ቆጥሮ ቤቱ ሄዶ ያጥባል።

ሀብትነሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መቃብር። በጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ፣ ከላቀው አባት ጎን ቦታ መንጥራ ድንጋይ ከምራለች። ከድንጋዩ ሥር ማንም የለም። በየሰንበቱ ቅዳሴ ሲያልቅ እዚያ ትሄድና ትቆማለች፤ ግን ምን ብላ ታልቅስ? ባዶ አፈር ጠርተው የሚያለቅሱበት ስም የለውም። የቀበረ ይጽናናል፣ ያልቀበረ ይጠብቃል፤ እሷም ትጠብቃለች። የጀልባዋን ሥራ ራሷ ያዘች፤ ጀልባዋ በተሻገረች ቁጥር ላቀው ከቆመበት ከግራው ኋላ ተቀምጣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ትሻገራለች። ከታች ያለው አገር ያላገኘውን ሰው እሷ ከላይ ሆና ታየው ይመስል።

እዚያ ተቀምጣ ነው ኳኳታውን የሰማችው። ከእግሯ ሥር፣ ከብረቱ ወለል በታች፣ አንድ ነገር ያንኳኳል። ሞተር ቢሆን ምቱ እኩል በሆነ፤ ይህ ግን ዝም ይልና፣ ጀልባዋ ወደ ዳር ስትጠጋ፣ ሞተሩ ቀስ ሲል፣ ያንኳኳል። እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንደሚያደርገው ያለ ነው። መጀመሪያ ፈራች። ለይርሳው ነገረችው። እሱ ጭራሮ ይሆናል አለና ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ጀልባዋ ኋላ ድርሽ ማለት ተወ። መሪው ራሱ ወደ ግራ ይከብደኛል፣ ሰው የልብሴን ዘርፍ የያዘኝ ይመስለኛል ይል ነበር፤ ግን ቀን አይለውም፣ ካልጠጣም አይለው።

ፍርሃት ሲለመድ ሌላ ነገር ይሆናል። ሀብትነሽ ኳኳታውን ለመደችው፣ ከዚያም ጠበቀችው። ማንም በማያያት ጊዜ በተረከዟ መልሳ ማንኳኳት ጀመረች። ማሽላው እሸት መድረሱን፣ ላሚቱ መውለዷን፣ አጥሩ መውደቁን በሹክሹክታ ታወራለች፤ ከታች ኳ ይላል። ሰው ቢሰማ አበደች ይላል፤ እሷ ግን ደስ ይላት ነበር። ሐዘንተኛ መሆኗን የምትረሳው እዚያ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ለቄስ ክንፈሚካኤል እንኳ፣ ለንስሐ አባቷ፣ አልነገረችም።

ጀልባዋ በየዓመቱ በሚያዝያ ከውሃ ትወጣለች። ሆዷ ይፋቅና ሬንጅ ይቀባል፤ ላቀው እያለ እንዲህ ነበር። የዚያን ዓመት ሚያዝያ ሲመጣ ይርሳው ሄዶ እናውጣት ብሎ ጠየቀ። ሀብትነሽ ዓይኑን አየችው። የሐዘን ቤት ግድግዳ ይለሰናል ወይ? ሐዘንተኛ ሹሩባ ትሠራለች ወይ? እሷ ከሏን ሳታወልቅ ጀልባዋን ማን ነው የሚያስጌጣት? ቄሱ ተጠየቁ፤ እሳቸውም ወጉ ወግ ነው፣ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ትቆይ አሉ። የመልካው ሰው በሙሉ ደግ አለች አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፤ የኛ አገር ወግም እንዲሁ ነው፣ የያዘውን አይለቅም።

መስከረም ዞሮ መጣ። ለሙት ዓመቱ የላቀው ዘመዶች ከወለጋ ማዶ ስለሚመጡ፣ ሀብትነሽ ጀልባዋም ከእሷ ጋር እኩል ከሏን እንድታወልቅ ቆረጠች። ወደ ፍኖተ ሰላም ልካ ወንዳወቅ የሚባለውን መካኒክ አስመጣች። ወፍጮ ቤቶች ሁሉ የሚያውቁት፣ ሱሪው ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሰው ነው። በሙት ዓመቱ ዋዜማ ጠዋት ደረሰ። ጀልባዋ ከል ለብሳለች ሲሉት ሳቀ፤ ሌላው ሳይስቅ ሲቀር እሱም ተወው።

ሥራውን ጀመረ። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በልጦ አየሩ አንሷል ማለት ነው ብሎ የአየር ማጣሪያውን ፈታና አራገፈው፤ አቧራ እንጂ ሌላ አልነበረበትም። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ከቀኙ ሞተር ነቅሎ ለግራው፣ የግራውን ለቀኙ አደረገ። ሕመሙ ኖዝሉ ላይ ቢሆን ጭሱ ወደ ቀኝ በተሻገረ ነበር። አልተሻገረም፤ ያው ግራው ብቻ ይጨሳል። የጭስ ቱቦውን ማርሚታ አውርዶ ጥቀርሻውን ደበደበ። ጀልባዋ ትንሽ ከዳር ፈቀቅ ስትል ጭሱ እንደ ልማዱ ወርዶ ውሃው ላይ ተኛ። ወንዳወቅ ላቡን ጠረገና ተመለከተው። እንዲህ የሚተኛ ጭስ አይቶ አያውቅም።

ወደ ዳር መልሰው አሰሯት። ወንዳወቅ ይርሳውን ማርሹን አላቅቆ ሞተሩን ብቻውን እንዲያሠራ አዘዘው። ጭሱ ወዲያው ጠፋ። ከቱቦው የሚወጣው እንደ ቀኙ ሆነ፣ አለ እንኳ አይባል። ማርሹን አስገባ አለው። ጥቁሩ ጭስ ገንፍሎ ወጣ። ይህንኑ ደጋግመው አደረጉት፤ ሲላቀቅ ንጹሕ፣ ሲያያዝ ጥቁር። ከዚያ ወንዳወቅ ሞተሩን አጠፋ። ዝምታው ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር፣ ያ ነገር አንዴ አንኳኳ። መካኒኩ ቀና ብሎ ሀብትነሽን አያት። እሷ ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች።

"እትዬ ሀብትነሽ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሞተሩ ጤነኛ ነው። እኔ የምፈታው ነገር የለውም። ከአቅሙ በላይ የሚጎትተው ነገር ስላለ ነው የሚጨሰው።"

"ምን ይጎትታል?"

"አላውቅም። ከታች ውሃውን የሚገፋው መዘውር ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ። ትንሽ ነገርም አይደለም።"

ሰዉ ተሰብስቦ ነበርና ማጉረምረም ጀመረ። መካኒኩ ከውሃ ትውጣ ሊል ነው፤ ሙት ዓመቱ ነገ ነው፣ አንድ ቀን መታገሥ ምን አለበት? ቄስ ክንፈሚካኤልም ለነገ ማግሥት ይደረግ አሉ። ይርሳው አንገቱን ደፍቶ መሪውን በጨርቅ ያብሳል፤ ያበሰውን መልሶ ያብሳል። ሀብትነሽ ግን ሌላ አትሰማም ነበር። ፊቷ ከሏን መስሏል።

"በየት በኩል ነው?" አለችው።

"በግራ፣ ከኋላ።" ወንዳወቅ ጥቂት አመነታ። "እርስዎ ከሚቀመጡበት ሥር።"

ሀብትነሽ ተነሳች። ዓመት ሙሉ የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ተረከዟ ያረፈበትን ብረት አየች። ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳያይ። የጀልባዋን ጠርዝ ያዘች።

"በሬ አምጡ፣" አለች።

ቄሱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ወንዶቹ ሳይጠሩ ደቦ ወጡ። ጥማድ በጥማድ በሬው ከማሳው ተፈትቶ ወረደ፣ መጫኛው ተቀጣጠለ፣ ጀልባዋ ታሰረች። እርሻ ላይ የሚፏጭ የሚያቅራራው ሰው ያን ቀን በሬውን በእጁ ብቻ እየነካ ነዳ። ጀልባዋ መጀመሪያ እንቢ አለች፤ ከዚያ ብረቷ ጠጠሩን እያፋጨ ወጣች። ከሆዷ ውሃው ተንጠባጠበ፤ ከግራዋ ኋላ የሚንጠባጠበው ግን ቶሎ አላለቀም፣ እንደ ተጨመቀ ልብስ እየቆየ ይፈሳል።

ከመዘውሩ በላይ፣ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ እንደ ጎጆ የጎደጎደ ቦታ አለ፤ መዘውሩ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ መሬት እንዳይመታ ተብሎ የተሠራ ነው። ወንዳወቅ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ፣ ወዲያውም ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ ቄሱን በእጁ ጠራቸው።

ጋቢው እንደ ገመድ ተገምዶ የመዘውሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። የቀረው የጋቢው ወገን ጎድጓዳው ውስጥ ተወሽቋል፤ በጋቢውም ውስጥ ላቀው ነበረ፣ ውሃና ዓሣ ያስተረፉት ያህል። ግንዱ ሲመታው ወደ ታች አልሄደም ነበር። አገር ገደል ለገደል ሲፈልገው፣ እሱ ከጀልባዋ ሥር ሆኖ ከጎጃም ወለጋ፣ ከወለጋ ጎጃም ይመላለስ ነበር። ቄስ ክንፈሚካኤል ጨርቁን በእጃቸው ገልጠው ማተቡን አገኙ፤ ክሩ ላይ ያለው የመዳብ መስቀል ሀብትነሽ ግሽ ዓባይ ለጠበል በሄዱ ጊዜ የገዛችለት ነው። አውጥተው በመዳፏ ላይ አኖሩላት። ይርሳው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንድ ነገር ደግሞ ወንዳወቅ ብቻ አይቶ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ከተመለሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከዓይኑ አልጠፋም። የጎድጓዳው ጣራ በሙሉ ዝጓል። በአንድ ቦታ ብቻ ዝገቱ ተልጦ ብረቱ ያበራል፤ አንድ ነገር ሲነካካው የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። ወጥቶ ከላይ ወለሉን ሲያይ፣ በዚያው ቦታ ትክክል፣ ቀለሙ በተረከዝ ተፍቆ አልቋል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ስስ ብረት ነው። ይህንን ለማንም ሳይናገር መሣሪያውን ሰበሰበ።

በማግሥቱ ለሙት ዓመት የመጣው ዘመድ ቀብር ደረሰ። ድግሱ እንደ ተዘጋጀ ነበር፤ ጠላው ለቀብር ተጠጣ። ላቀው በጋቢው እንደ ተጠቀለለ፣ ከአባቱ ጎን፣ ባዶውን ሲጠብቀው በኖረው ድንጋይ ሥር ገባ። ንግሥቴ ልታስለቅስ ቆማ ነበር፤ ሀብትነሽን ስታይ ግጥሙ ከአፏ አልወጣ አለ። የከሉን ነገር የጀመረችው እሷ ናትና ተሰብራ ከጥግ ተቀመጠች። ማንም አልወቀሳት። ሁሉም አክብሯል፣ ሁሉም እጅ ነስቷል፤ አንድም ጎንበስ ያለ ሰው ትንሽ ዝቅ ብሎ ከጀልባዋ ሥር አላየም።

አፈሩ ሲመለስ ሀብትነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። "ቤት ስፈልግልህ፣" አለች፣ "በሩን የዘጋሁብህ እኔው ነኝ።" ቄሱ ሊያጽናኗት ወጉ ነው እኮ ልጄ፣ ሁላችንም ነን አሉ። ያን ቀን ልታወልቀው የነበረውን ከል አላወለቀችም፤ ባሏ ትናንት የተገኘ፣ ዛሬ የተቀበረ ሴት እንዴት ታውልቅ? ዓመቱ እንደ ገና ከአንድ ጀመረ።

ጀልባዋ ሆዷ ተፍቆ፣ ሬንጅ ተቀብታ፣ ወንዙ ትንሽ ሲጎድል ወደ ውሃ ተመለሰች። የግራው ሞተር ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ቱቦውን አየ፤ ምንም የለም፣ ከኋላዋ ያለው ውሃ ብቻውን ያበራል። ተሳፋሪው መጀመሪያ አፍሮ ዝም አለ፤ ከዚያ አንዱ በርበሬ ነጋዴ አስነጠሰና ሌላው ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ። በሳምንቱ ሙሽራ የያዘ ሚዜ እየጨፈረ ተሻገረባት። ይርሳውም መሪው ቀለለኝ አለ፣ በቀን፣ ሳይጠጣ።

ሀብትነሽ በዚያ የመጀመሪያ መሻገሪያ እንደ ልማዷ ከግራው ኋላ ተቀምጣ ነበር። ውሃውን አላየችም፤ የምትፈልገው የለም። ጀልባዋ ወደ ወለጋ ዳር ስትጠጋ ሞተሩ ቀስ አለ። ያ ሰዓቱ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዘንድሮ ማሽላው ደህና ነው አለች። ጠበቀች። ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ በተረከዟ አንኳኳች፤ እንደ ገናም ጠበቀች። ከሥሯ ውሃው ብቻ ያልፋል።

ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፤ ይርሳው እታለም፣ ደርሰናል እያለ ይጠራታል። እሷ አልሰማችውም። ሀብትነሽ ባሏ የሞተባት ያን ቀን ነው።